ወደ ልብ ክትትል ይዣቸው የሄድኩት አክስቴ

ጀለሶች፣ መጀመሪያ ሳቁና ጨርሱ፣ ከዚያ ኮመንት ላይ ኑ። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ በአንድ ክፍል ሙሉ በሽተኛ ፊት ተዋረድኩላችሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ የልብ ክትትል ላይ ነኝ። ባለፈው ቀጠሮ ነርሷ፣ በሚቀጥለው ትምህርት ስላለ ምግብ የሚያበስልልህን ቤተሰብ ይዘህ ና አለችኝ።

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

እኔ ቡራዩ አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖር፣ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የምገጣጥም ሰው ነኝ። ቤቴ ውስጥ የሚግል ነገር ቢኖር የስልኬ ቻርጀር ብቻ ነው። ምሳም ራትም የምበላው አዴ ጫልቱ ሽሮ ቤት ነው።

ስለዚህ አዴ ጫልቱን ለመንኳቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ቤታቸውን ዘግተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። እሳቸው ሳይሰሙ ለነርሷ "አክስቴ ናቸው" አልኳት።

ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ሚስቱን፣ ልጁን፣ እህቱን ይዞ ተቀምጧል። እኔም ከአክስቴ ጎን ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ነርሷ ልብን የሚጎዳው ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ ማን እጁን አወጣ?

ሊቁ!

"ንዴትና ጮማ" አልኩ። ቀጭን ነኝ፣ ጾሙንም አንድ ቀን አልገድፍም፣ ስለዚህ ብዙም አያሰጋኝም ብዬም ጨመርኩ። ማን ጠየቀኝ?

ቀጭን ሰውም ግፊትና ኮሌስትሮል ይይዘዋል አለች። ከዚያ በጾም ምን እንደምበላ ጠየቀች። እኔን ሳይሆን አዴ ጫልቱን።

እሳቸውም ምንም ሳይደብቁ ዘረገፉት። ያ የሚረጋው ዘይት ሽሮው ላይ እንዴት እንደሚንሳፈፍ፣ እኔም ገና ሳልቀምሰው ጨው እንደምነሰንስበት ሁሉ።

"ብቻውን ሲበላ ያሳዝነኛል። ከሌላው ሰው አብልጬ አንድ ጭልፋ ዘይት እጨምርለታለሁ" አሉ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ነርሷ ፈገግ ብላ፣ የአክስት ፍቅር እኮ እንዲህ ነው አለቻቸው።

"አክስቱ አይደለሁም" አሉ። "ደንበኛዬ ነው።"

ሳቁ ቆመ!

ምነው በሳቁብኝ አልኩ። ከጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የሚስታቸውን እጅ ያዝ አደረጉ። እኔን አይተው ይመስለኛል።

ማታ ሽሮ ቤት ሄድኩ። ሌላ የት ልሂድ? አዴ ጫልቱ ጨው የሌለው፣ ዘይቱ ጠብ ብቻ ያለበት ሽሮ አቀረቡልኝ። እንደ ሌላው ቀን ወደ ጓዳ አልተመለሱም፤ ጨው እንዳልጨምር አጠገቤ ቆመው ጠበቁኝ። እንባዬ መጣ። ቃሪያው ነው አልኳቸው።

"ሽሮው ቃሪያ የለውም" አሉኝ። "ኛዱ፣ ብላ።"

በላሁ።

እናንተስ፣ የሚያበስልልህን ሰው ይዘህ ና ብትባሉ ማንን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቶኛል፤ አክስት የሚያከራይ ካለ ኢንቦክስ!