የአቶ ከድር አውቶቡስ ወንበሮች

እኛ የነቀምቴ ሰዎች ከሰው ቤት ለመውጣት ጊዜ እንወስዳለን። «በሉ እንግዲህ ደህና ሁኑ» ብለን ከተነሳን በኋላ ዋናው ጨዋታ የሚጀመረው በር ላይ ነው። በር ላይ የላሟ ነገር ይነሳል፣ የልጆቹ ነገር ይነሳል፤ አጥሩ ጋ ስንደርስ ደግሞ ሳንጠይቅ የረሳነው ዘመድ ትዝ ይለንና እንደገና እንቆማለን። ባለቤቱ እስከ መንገዱ ይሸኘናል። እኛ ደግሞ ብቻውን እንዳይመለስ ብለን ጥቂት እንመልሰዋለን። እናንተም ታደርጉታላችሁ፤ አትካዱ። ክፋት የለውም፤ እግር ይህን ሁሉ ይታገሳል። መኪና ግን አይታገስም፤ እየተንተከተከ ቆሞ ቤንዚኑን ይጠጣል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ፣ እዚሁ ሸበትኩ። ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ሚስቴ አያንቱ «ፈሪ» ትለኛለች፤ ልዩነቱን ላስረዳት ብዙ ዓመት ደክሜ ትቼዋለሁ። አዲስ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ሌላው ይሞክረውና እኔ ከሱቄ ሆኜ ልየው እላለሁ። መቀስ የሚይዝ ሰው እንዲህ ካልሆነ ስንት ጨርቅ ያበላሻል።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ እንዳባራ የመሃል ከተማው መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለ። ቀያሾች መጡ፤ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል እየተከሉ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምረው ወደ ታች ወደ ገበያው ወረዱ። አንዱ ችካል የት እንዳረፈ ልንገራችሁ? በረንዳዬ ላይ፣ የስፌት መኪናዬ ጎን። ቀያሹ ትሁት ሰው ነበር፤ ከችካሉ ወዲያ ያለው የመንገዱ ነው፣ ወዲህ ያለው የእርስዎ ነው አለኝ። የእኔ የሆነው ግድግዳው ነበር። በረንዳው ብርሃን የማገኝበት፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት፣ አላፊ አግዳሚውን የምታዘብበት ነው። ለብዙ ቀን ችካሉን እያየሁ ተከዝኩ።

አያንቱ ግን ደስ አላት። ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቷ ዲንቄ የምትኖረው በከተማው ታችኛው ዳር፣ ከቁልቁለቱ ማዶ ነው። የሁለቱም ጉልበት ከታመመ ወዲህ እህትማማቾቹ ተያይተው አያውቁም። በአንድ ከተማ እየኖሩ ባሕር ማዶ እንዳለ ሰው ሰላምታ በሰው ይላላካሉ። አንዷ ጎመን ትልካለች፣ ሌላዋ ቅቤ ትመልሳለች፤ ጎመኑም ቅቤውም ይደርሳል፤ እነሱ አይደርሱም። ከሱቄ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጠው የጉራጌው ነጋዴ አቶ ከድር ደግሞ መንገዱ ከሰፋ ከዳር እስከ ዳር የሚመላለስ አውቶቡስ አመጣለሁ ብሎ ነበር።

«ይቁረጡት» አለች አያንቱ። «በረንዳው ዲንቄ ጋ አያደርሰኝ።»

ተቆረጠ። ስጋቴን ሁሉ ተሸክሜ ቆሜ ሳለ ግሬደሩ ሲመጣ ግን ምን ልበላችሁ፣ ልቤ እንደ ጥጃ ዘለለ። መሬቱ ከእግራችን ስር ይንቀጠቀጣል፤ ያ ሁሉ ጉብታና ጉድጓድ እንደ ቅቤ እየተላጠ ይሄዳል። ከጉቶ ጊዳ በቆሎ ጭነው የመጡ ሰዎች ገበያውን ረስተው አህያቸውን ይዘው ቆመው ዋሉ። አቧራው የሁላችንንም ጠጉር አንድ አደረገው፤ የዚያን ዕለት በነቀምቴ ያልሸበተ ሰው አልነበረም። መንገዱ ሲያልቅ ከመሃሉ ቆሜ ግራ ቀኝ ተመለከትኩና ይህ ሁሉ ስፋት እስከ ዛሬ የት ተደብቆ ነበር አልኩ። ቀድሞ እኔና ከድር ከየሱቃችን ሆነን በሹክሹክታ ሰው እናማ ነበር። አሁን መጮህ ስላለብን ሐሜቱን ተውነው።

አውቶቡሱም መጣ። ሰማያዊ ነው፤ ጣሪያው ነጭ። በእልልታ ተቀበልነው። ሾፌሩ ገመቹ የሚባል የጉቴ ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ሰው አክባሪ። ችግሩም ይኸው ሆነ፤ ሾፌሩም ተሳፋሪውም ሰው አክባሪ ነው።

እኔ እንደ ልማዴ ከሱቄ ሆኜ አየሁ። አውቶቡሱ ደጄ ላይ ይቆማል፤ አንድ ሽማግሌ ይሳፈራሉ። ውስጥ ያለው ሁሉ «ኖር» ብሎ ብድግ ይላል። ሽማግሌው «በእግዜር፤ ቅርብ ነኝ፤ እወርዳለሁ» ይላሉ። «ታኣ፣ ኦቦ፤ ታኣ፣ ይቀመጡ እንጂ» ይባላል። ከኋላ ያለው ቦታውን ሊሰጥ ወደ ፊት ይመጣል፤ ከፊት ያለው መንገድ ሊለቅለት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መሃል ላይ ሲገናኙ ሰላም ሳይባባሉ አይተላለፉም፤ የከብቱም የልጁም ደህንነት ይጠየቃል። አንድ ሁለቱ ቦታ እንዲሰፋ ብለው ይወርዳሉ። በመጨረሻ ሽማግሌው ይቀመጣሉ። ይሄኔ አንዲት እናት ይሳፈራሉ። «ኖር።» አንድ ቀን የገመቹ የቀድሞ አስተማሪ ቢሳፈሩ ገመቹ ራሱ መሪውን ለቆ ቆመ። የእጅ ፍሬኑን መያዙን ከሱቄ ሆኜ ማየት አልቻልኩም። መርፌው ጣቴን የወጋኝ ያኔ ነው።

በእግሩ የወረደው ሰው ገበያ ደርሶ፣ ሸምቶ ሲመለስ አውቶቡሱን እዚያው እኔ ደጅ ያገኘዋል። ከድር በሱቁ በር ላይ ቆሞ ጭንቅላቱን ይይዛል።

አንድ ቀን መንገዱን አቋርጦ መጣና በልጄ ስም እየጠራኝ «አባ ለሊሴ፣ መኪና የገዛሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የገዛሁት የልቅሶ ቤት ነው» አለኝ። «ሰው በገባ ቁጥር ሁሉም ይነሳል። እስከ ቅዳሜ አያለሁ፤ ካልሆነ ወደ አርጆ መስመር አዞረዋለሁ። የሩቅ መንገደኛ አንዴ ከተቀመጠ አይነሳም።»

ይህን አያንቱ ከጓዳ ሰማች። ነጠላዋን አውጥታ ማጠብ ጀመረች።  በረንዳዬ ሄዷል፤ አውቶቡሱም ሊሄድ ነው፤ እሷም ከእህቷ እንደተለያየች ልትቀር ነው። አውቶቡሱ ሲረጋጋ እንሳፈራለን እያልኩ ቀን በቀን የገፋኋት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆመች። ተከተልኳት።

ገብተን «ኖር» ተባለልን። ከሁሉም ጠጉሩ የነጣው እኔ ነበርኩ። ሁሉም ቆሞ ቦታ ሰጠኝ፤ እኔ ግን ከበሩ አጠገብ ያለውን ብረት ይዤ አልንቀሳቀስ አልኩ። ለምን ብትሉኝ፣ ያ ቁልቁለት ሲታሰበኝ ነው። መኪናው እምቢ ካለ ከበሩ ቅርብ መሆን ይሻላል። «ታኣ፣ ኦቦ» ቢሉኝ «እዚሁ ይሻለኛል» አልኩ። ደጋግመው ለመኑኝ፤ ብረቴን አጠበቅሁ። እንግዲህ እኔ ቆሜ ማን ይቀመጣል? ማንም አልተቀመጠም። ወንበሩ ሁሉ ባዶ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ አውቶቡሱ ተነሳ።

ቀጥሎ የተሳፈሩ ሽማግሌ እግራቸውን አስገብተው ቀና ሲሉ የሚነሳላቸው ሰው አጡ። እኔን አዩኝ፤ ሽበቴን ከሽበታቸው አስተያዩና ጎኔ ቆሙ። ሌላም ገባ፤ ቆመ። የሚለቀቅ ወንበር የለ፣ ልመና የለ፣ መሃላ የለ። ገመቹ በመስታወቱ እያየ ማርሽ ለወጠ። በሰፊው መንገድ ላይ ነፋሱ በመስኮት ሲገባ፣ ሱቆቹ ሲሮጡ፣ በእግሬ ስንት ጊዜ የወረድኩበት ሰፈር እንደ ጥቅል ጨርቅ ሲተረተር፣ እውነቴን ነው፣ ፍርሃቴን ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት። ሰዉም ደስታውን መደበቅ አቅቶት እርስ በርሱ ይተያያል።

ያኔ አያንቱ ትዝ አለችኝ። ለጉልበቷ ሲባል አውቶቡስ የተሳፈረችው ሴት ጎኔ ቆማለች።

«አንቺ እንኳ ተቀመጪ» አልኳት በጆሮዋ።

«አንተ ቆመህ? ሰው ምን ይለኛል?»

እኔ ብቀመጥ እሷም ትቀመጣለች፤ ግን ወዲያው ቀጥሎ ለሚገባው ሁሉም ሊነሳ ነው፤ አውቶቡሱም አርጆ ሊገባ ነው። መሃል ላይ ቀረሁ። ፊቴን አይታ ገባት መሰለኝ ክንዴን ያዘችኝ።

«የመጣሁት ልቀመጥ አይደለም፣ አባ ለሊሴ» አለችኝ። «ዲንቄን ላያት ነው።»

ደረስን። ዲንቄ የደጃፏ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ቀና ብላ እህቷን ስታይ ቢላዋውን ጥላ፣ በዚያ ጉልበቷ ግድግዳውን ተደግፋ ልትነሳ ታገለች።

«ተይ፣ እንዳትነሺ» አለች አያንቱ እያለቀሰች። «መነሳቱን ሌላው ሰው ጨርሶልሻል።»

ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይቀመጥ አውቶቡሱ ሲመላለስ ዋለ፤ በሚቀጥለው ሰኞ ከድር መፍቻ ይዞ መጣ። ካልተቀመጡበት ለምን ይዞራል ብሎ ወንበሮቹን ፈታቸው። አሁን አውቶቡሱ የድሮውን እጥፍ ይጭናል። ወንበሮቹን የሚያኖርበት ቦታ ስላጣ የበረንዳህ ካሳ ነው ብሎ እኔ ግድግዳ ስር ደረደራቸው። እንግዲህ በነቀምቴ ሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ በአውቶቡስ ወንበር ይቀመጣል፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ተነስቶ ገብቶ ይቆማል። እንግዳ ሰው አይቶ ሊስቅ ይችላል። እኛ ተስማምቶናል።

አንድ ነገር ብቻ ቸገረኝ። ነፋስ ልቀበል ብዬ ከሱቄ ብቅ ካልኩ ያ ሁሉ ተቀማጭ «ኖር» ብሎ ይነሳል፤ ካልገባሁ አይቀመጥም። ስለዚህ ውስጥ ሆኜ በመስኮት አያለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ መንገዱን እየተመለከትኩ ነው። አያንቱ ጠዋት ዲንቄ ጋ ወርዳለች፤ ወዲያው እመለሳለሁ ብላኝ ነበር። አውቶቡሱ ከታች ሁለት ጊዜ ተመልሶ አለፈ፤ በሁለቱም የለችም። ደግ ነው። አሁን ተሰናብተው ተነስተው በር ላይ ናቸው ማለት ነው።