አሥራ ስምንተኛው ወር

[ሆላንድ፣ ዲመን ከተማ፣ ጁን 10 ቀን 1986፣ ረፋድ። ፍሥሐ የስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ሠራተኛ ነው፤ የማታ የኮምፒዩተር ትምህርቱን ፈተና ካለፈ መጥረጊያ ጥሎ ቢሮ ሊገባ ቃል ተገብቶለታል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከቴሌቪዥን ጋር በተገጠመ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ራሱ የሠራውን የቀጠሮ መዝገብ ይጎረጉራል። ሚስቱ ድንቅነሽ ሕፃን ታቅፋ ትጨቃጨቃለች።]

ድንቅነሽ: ማሽኑ የልጁን ክትባት አልቀበልም አለ ነው የምትለኝ?

ፍሥሐ: እኔ ምን አደረግኩ? አሥራ ስምንት፣ ስድስት ብዬ ብነግረው «ከልክ ውጪ» ብሎ ጮኸ። ቀጠሮውን የጻፈችው ነርስ ተሳስታለች።

ድንቅነሽ: ካርዱ ላይ 18/6 ይላል እኮ!

ፍሥሐ: ነርስ ትበልጣለች ወይስ ማሽን?

ድንቅነሽ: ነርሷ መርፌ አላት። እስቲ ለእኔ ለደንቆሮዋ አስረዳኝ፤ ቀጠሮዎቹ የት ነው የሚቀመጡት?

ፍሥሐ: [ደረቱን ነፍቶ] ባለ ሁለት ቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ። እንደ ፎቅ ቤት አስቢው። አሥራ ሁለት ፎቅ፣ በየፎቁ ሠላሳ አንድ በር። ፎቁ ወር ነው፣ በሩ ቀን። መጀመሪያ ፎቁ ይጠራል፣ ቀጥሎ በሩ። ሕጉን ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

ድንቅነሽ: በየፎቁ ሠላሳ አንድ?

ፍሥሐ: በየፎቁ።

ድንቅነሽ: ፌብሩዋሪስ? ሦስት ክፍል ባዶውን ልትቆልፍ? ጎረቤታችን እናትነሽ ሦስት ዓመት ሙሉ የቤት ወረፋ እየጠበቀች!

ፍሥሐ: ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ድንቅነሽ: እሺ፣ ፈተናህንስ ተቀበለልህ?

ፍሥሐ: አሥር፣ ስድስት አልኩት፤ ትንፍሽ አላለም። ሰው ያውቃላ! [ቁልፍ ይጫናል] ይኸው፣ «ኦክቶበር 6፣ ፈተና»። ገና አራት ወር አለኝ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ጥዬ ጭንቅላቴን አሳርፌያለሁ። ወረቀት ማገላበጥ ማሽን የሌላችሁ የእናንተ ሥራ ነው።

ድንቅነሽ: ቆይ ጌታው። ለክትባቱ መጀመሪያ ስንት አልከው?

ፍሥሐ: አሥራ ስምንት።

ድንቅነሽ: መጀመሪያ የሚጠራው ፎቁ ነው አላልክም? አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ሠርተሃል?

ፍሥሐ: የለ... [ወደ ቴሌቪዥኑ ይጠጋል]

ድንቅነሽ: ካርዱ ላይ እንዳየኸው ቀኑን አስቀደምክ። የሌለ ፎቅ ስትልከው ምን ያድርግ፣ ጮኸ።

ፍሥሐ: እሺ፣ እሷ ትንሽ ስሕተት ናት። የቀረው ግን ትክክል ነው፤ አልጮኸማ።

ድንቅነሽ: ያልጮኸው ልክ ስለሆንክ ነው ወይስ በሩ ስላለ? አሥረኛ ፎቅ አለ፤ ስድስተኛ በርም አለ። የሰው በር ብታንኳኳ ማን ከለከለህ? [መሳቢያውን ከፍታ ደብዳቤውን ታወጣለች] «10/6፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

ፍሥሐ: ዛሬ... ዛሬ ስንት ነው?

ድንቅነሽ: ማሽንህን ጠይቀዋ!

ፍሥሐ: [የግድግዳውን ሰዓት አይቶ ይዘላል] አምስት ሰዓት! ኮቴን! ድንቄ፣ ብሮጥ አልደርስም?

ድንቅነሽ: ወረቀቱን ሰብስበው ቤታቸው ገብተዋል። ለመሆኑ ፈተናው ስለ ምን ነበር?

ፍሥሐ: [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ስለ... ሰንጠረዥ አጠራር።

ድንቅነሽ: በል ቁጭ በልና አርመው። ሁለት ቁጥር አልበቃህም፤ ሦስተኛ ጨምርበት።

ፍሥሐ: ሦስተኛው ደግሞ ምንድን ነው?

ድንቅነሽ: ዓመት። ቀኑ ያለፈበት ሰው የሚፈተነው ለከርሞ ነው ይላል ደብዳቤው።