ለሐኪም ያጌጠ አፍ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው፤ ይህንኑ እያለ ግን ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ገላውን ታጥቦ፣ የክት ልብሱን ለብሶ፣ በሽታውንም በተቻለው መጠን አሳምሮ ነው። አይፈረድበትም። ሰው ፊት በጎዶሎ መቅረብ ማን ይወዳል? እርስዎ ይወዳሉ?

በንጉሡ ዘመን ሶዶ ውስጥ ባንዲት ትንሽ ሆስፒታል ቁስል አጣቢ ድሬሰርም አስተርጓሚም ነበርኩ። ከቦዲቲ ወዲያ አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን ታደለችን ይዛ መጣች። ታደለች ላንቃዋ ተሰንጥቆ የተወለደች ናት፤ የጠጣችው ወተት በአፍንጫዋ ይመለሳል፣ ንግግሯም በአፍንጫዋ ስለሚወጣ ከእናቷ በቀር የሚገባው ሰው አልነበረም። ፈረንጁ ሐኪም ስንጥቁን ሊሰፋላት ቀን ቆረጠ።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት እናትየዋን በወላይትኛ «የበላችው ነገር አለ?» አልኳት።

«ከትናንት ጀምሮ ምንም» አለች። እውነቷን ነው። እኔም ኮራ ብዬ ለሐኪሙ «ባዶ ሆዷን ናት» አልኩት። ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ታደለች ጠረጴዛው ላይ ተጋደመች። ሐኪሙ የማደንዘዣውን የኤተር ጭምብል ሊያደርግላት ሲል ፈራችና «እናቴን ጥሩልኝ!» ብላ ጮኸች። ቃሉ ጥርት ብሎ ተሰማ። እኔ ደስ አለኝ፤ ሐኪሙ ግን ጭምብሉን መልሶ አስቀመጠ። ላንቃው ክፍት የሆነ ልጅ እንዲህ አይናገርማ! በባትሪ አብርቶ ቢያይ፣ ስንጥቁ ውስጥ በጣት የተድቦለቦለ የንብ ሰም ተወትፏል።

ኤተሩ ካስተኛት በኋላ ያ ሰም ቢወልቅ መውረጃው ጉሮሮዋ ነበር፤ ትንፋሿን ዘግቶ እዚያው ያስቀራት ነበር።

እናትየዋን ለምን እንዲህ እንዳደረገች ብጠይቃት «ፈረንጅ ፊት በአፍንጫዋ እያወራች እንዳታሳፍረኝ ብዬ ነዋ» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ሆዷ። ሰም ይበላል እንዴ?»



ሰሙ ወጣ፤ ሐኪሙም ሰፋላት። ልጅቷ ነቅታ ስታለቅስ ተመስገን አልኩ፤ በዚያ ቤት ከሰማሁት ለቅሶ ሁሉ እንደዚያ ደስ ያሰኘኝ የለም።

ከዚያ ወዲህ አፉን ሳላይ ወደ ጠረጴዛው የማሳልፈው ሰው አልነበረም። አንድ የሻንቶ ሽማግሌ እንኳ ተቆጥተው «ልጄ፣ ያመመኝ እኮ እግሬ ነው» አሉኝ።

«አውቃለሁ አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

እያጉረመረሙ ከፈቱ። ሰም ቀርቶ አንድ ጥርስ እንኳ አልነበራቸውም። እፎይ አልኩ።