ዋለልኝ ዘሰናያ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ቁራጭ ጨርቅ አንድ ስለማድረጉ

በዓመተ ምሕረት በሁለት ሺህ ስምንት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ ዋለልኝ ኳታር በገባ በአራተኛው ዓመት፣ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃዱ ለሁለተኛ ጊዜ በታደሰ በሦስተኛው ወር፣ በክፍላችን ኤሲው አሥራ ስድስት ዲግሪ ላይ በነገሠበትና ሪሞቱ በጉግሳ እጅ በነበረበት ወራት የሆነውን ነገር፣ እኔ ደምሴ፣ የክፍሉ ወጥ ሠሪና ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እንዲህ ጻፍኩ።

ዋለልኝ አል ሰድ በሚባል ሰፈር በአንድ የቢሮ ሕንፃ በር ላይ የቆመ ዘበኛ፣ ለገቢውም ለወጪውም ቀኑን ሙሉ እጅ የሚነሳ፣ ማንም ስሙን ጠይቆት የማያውቅ፣ በትዕግሥቱ ግን ወደር የሌለው ሰው ነበረ። ማደሪያችን ሠራተኛ በሚኖርበት በሰናያ ነው፤ አራት ነበርን። ታላቃችን ጉግሳ፣ የደሴ ሰው፣ በሕንፃ ሥራ ላይ ፌሮ አሳሪ፣ የታችኛው አልጋ ጌታ፣ ድምፁ ከጎረቤት ክፍል የሚሰማ፤ ቀጥሎ ካሳሁን፣ የአምሳ ወንበር አውቶቡስ ነጂ፣ ለሁሉም ወዳጅ፤ ከዚያ ዋለልኝ፤ በመጨረሻ እኔ።

በጥቅምት ወር ዋለልኝ የዩኒፎርም ሱሪውን ሊያሳጥር ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ልብስ ሰፊ ሄደ። ሰፊው ማስተር ኢክባል የሚባል የፓኪስታን ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው የተቀመጠበት ወንበር ላይ አንዲት ብርድ ልብስ ታጥፋ ነበር፤ ቀይ ከቢጫ፣ ቢጫ ከጥቁር፣ የመዳፍ ያህል ቁራጭ ጨርቅ ሁሉ ተጋጥሞ የተሰፋች፣ ሚስቱ ከአገር የላከችለት። ዋለልኝ የመጣበትን ሱሪ ረሳ። ማስተር ኢክባልም ግማሹን በአረብኛ፣ ግማሹን በእጁ እያሳየ፣ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚጋጠም፣ በስተመጨረሻም ከሥር አሮጌ አንሶላ ተደርቦ እንዴት እንደሚጠቀጠቅ አስተማረው። በዚያ ቀን ዋለልኝ ሱሪው እንደረዘመ፣ አንድ ፌስታል ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዞ ገባ።

ከዚያም በኋላ ዓርብ ዓርብ፣ ሌላው ሲተኛ ወይም ካርታ ሲጫወት፣ እሱ ጉግሳ በሌለበት ሰዓት ብርሃን ወዳለበት ወደ ታችኛው አልጋ ወርዶ ይሰፋ ነበር። የሴቶቹ አባያ ጥቁር፣ የወንዶቹ ቶብ ነጭ፣ የመጋረጃ አበባ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰማያዊ፣ ሁሉም በየተራው ገበረለት። ለምን እንደሚሰፋ ጠየቅኩት። ሸሚዙ የካምፓኒ ነው፣ አልጋው የካምፓኒ ነው፣ የሚለብሰው ብርድ ልብስ እንኳ ቁጥር ተጽፎበት የካምፓኒ ነው፤ በዚህ አገር የራሱ የሚላት አንዲት ነገር ፈልጎ እንደሆነ ነገረኝ። ይህን ሲናገር አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም።

ጉግሳ ግን ሳቀ። በመካከላችን ቆሞ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ሰማችሁ? ድሪቶ ለመልበስማ አገራችን ምን አነሰን! ኳታር ድረስ መጥቶ ቡትቶ የሚሰፋ ወንድ ዛሬ አየሁ!» ዋለልኝ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ቀጠለ።

በግንቦት ፲፪ ቀን፣ በዕለተ ዓርብ፣ ታላቁ ጥፋት ደረሰ። ዋለልኝ መቶኛውን ቁራጭ ሰፍቶ ውሃ ሊጠጣ ተነሣ፤ መርፌዋ በታችኛው አልጋ ላይ ቀረች፤ ጉግሳም ከገበያ ገብቶ በሙሉ ክብደቱ በዙፋኑ ላይ ተቀመጠ። የወጣው ድምፅ ምን ይመስል እንደነበረ ለመጻፍ ብዕሬ አይችልም። ካሳሁን ያዘው፣ እኔ መርፌዋን ነቀልኩ፣ ዋለልኝ ብርጭቆውን እንደያዘ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። የቆሰለውም በሆዱ እንደተኛ አዋጅ አስነገረ፦ «ኸላስ፣ አበቃ! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል መርፌ የሚባል እንዳላይ! ዋለልኝ፣ ወይ አንተ ትወጣለህ፣ ወይ ድሪቶህ ይወጣል!»

ድሪቶው ወጣ። ካሳሁን አዝኖ፣ ከማደሪያችን ጎን የሚቆመውን አውቶቡስ ዓርብ ዓርብ ከፈተለት። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ፣ ከውጭ የሚገባው ነፋስ ከምድጃ አፍ የሚወጣ እየመሰለ፣ ዋለልኝ በኋለኛው ወንበር ላይ በስደት ተቀመጠ። ላቡ ጨርቁን እንዳያበላሸው በግንባሩ ፎጣ አሰረ። አምስት ሳምንት ከጉግሳ ጋር አልተነጋገሩም፤ ጨው አቀብለኝ የሚባለው እንኳ በእኔ በኩል ነበር።

በሰኔ ፲፯ ቀን ካሳሁን ሁላችንንም ወደ ገበያ ሊወስደን ተነሣ። ጉግሳ ከዋለልኝ ርቆ ሊቀመጥ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ፤ ብርድ ልብሷ ከጀርባው በወንበሩ መደገፊያ ላይ ተዘርግታ ነበር። እሱም በኢሞ፣ በቪዲዮ፣ ወደ ቤቱ ደወለ። ስለ ጉግሳ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ወደ ኳታር ሲመጣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጽዮን የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለችው፤ በዓይኑ አይቷት አያውቅም። በስልክ ሲጠራት በእናቷ ቀሚስ ውስጥ ትደበቃለች፤ በየሳምንቱ የሚያየው ጫማዋን ብቻ ነበር።

በዚያ ቀን ግን ጽዮን ከቀሚሱ ወጣች። ፊቷን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ እንዲህ አለች፦ «ያ ከኋላህ ያለው ምንድን ነው?»

ጉግሳ ዞሮ አየ፤ ብርድ ልብሷን በሁለት እጁ አንሥቶ ለስልኩ አሳየ። ልጅቱ ቀለሞቹን አንድ በአንድ ጠራች፤ ቢጫውን ቀይ አለችው፤ እሱም አላረማትም። መስመሩ እስኪቋረጥ ሰባት ደቂቃ ሙሉ አናገራት።

ከገበያ ስንመለስ ጉግሳ በአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆሞ፣ የሰናያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የመጨረሻውን አዋጅ አወጀ፦ «ዋለልኝ፣ ያልኩህን ብያለሁ፣ አልክድም። በነሐሴ ለፈቃድ አገር እገባለሁ። ልጄ አታውቀኝም። በባዶ እጄ ብሄድ ትሸሸኛለች። ይህን... ብርድ ልብስህን ስጠኝ። እግርህ ላይ ውደቅ ብትለኝም እወድቃለሁ።»

ዋለልኝ ስምንት ወር የሰፋትን፣ የራሱ የሆነችውን ብቸኛ ነገር፣ በአውቶቡሱ ውስጥ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። በመዳፉ አንድ ሁለት ጊዜ ዳበሳት። ከዚያም እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ጋሽ ጉግሳ፣ ትወድቅልኝ ዘንድ አልፈልግም። ውሰዳት። ግን ዘጠና ስድስት ቁራጭ ይቀራታል፤ እሱን አንተ ትሰፋለህ። ከሱቅ የሚገዛ ብርድ ልብስ ሞልቷል፤ አባት የሰፋው ግን የለም።»

ስለዚህ ሰባት ዓርብ ሙሉ ሁለቱ በአውቶቡሱ ኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የጉግሳ ጣቶች ብረት ያሰሩ ጣቶች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ቁራጮች እንደ ፌሮ ጠምዝዞ አሰራቸው፤ ጨርቁ ተሰብስቦ የጎመን ቅጠል መሰለ። ጉግሳ ከነስፌቱ ማስተር ኢክባል ዘንድ ተወሰደ። ሽማግሌው አየው፣ መቀሱን አነሣ፣ ሁሉንም ፈታውና፦ «ሽወይ ሽወይ፣ ያ ጉግሳ፣ ቀስ በል! ይሄ ድልድይ አይደለም» አለው። ጉግሳ ተቆጥቶ አያውቅም ባልልም፣ በዚያ ቀን አልተቆጣም። እየተወጋ፣ ጣቱን እየመጠጠ፣ እንደገና ጀመረ። በሁለተኛው ወር ስፌቱ ቀና፤ በስድስተኛው ዓርብ ዋለልኝ አይቶ በአዎንታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ይህም ከዋለልኝ ዘንድ ትልቅ ሹመት ነው።

በነሐሴ ፲፫ ቀን ሦስታችን አጅበነው ወደ አየር ማረፊያ ሄድን። ሻንጣው ሲመዘን ከሠላሳው ኪሎ በአራት በለጠ። ጉግሳ ያለ ማመንታት ሻንጣውን ወለሉ ላይ ከፍቶ የዱቄት ወተቱን አወጣ፣ ሻምፖውን አወጣ፣ ለአማቱ የገዛውን የልብስ ካውያ አወጣ። ብርድ ልብሷም ወጣች፤ እሷን ግን እንደ ካባ በትከሻው ላይ ጣላት። በዚያ ሙቀት፣ በሁለት መቶ አሥራ ስድስት ቀለም ተሸልሞ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እያየው፣ ወደ ውስጥ ገባ። እስኪሰወር ድረስ ዋለልኝ ቆሞ አየው። ከዚያ የልብስ ካውያውን በብብቱ ይዞ ከእኛ ጋር ተመለሰ።

ከሳምንት በኋላ የጉግሳ የድምፅ መልእክት መጣ። ሦስታችንም ስልኩን ከበን ሰማነው፦ «ዋለልኝ ወንድሜ፣ ሦስት ቀን አልቀረበችኝም። ብርድ ልብሱን ወሰደች፣ እኔን ተወችኝ። በአራተኛው ቀን እየጎተተች አመጣችውና፣ አንዷን ቁራጭ በጣቷ እየነካች፣ ይቺ ጠማማ ናት አለችኝ። እኔ ነኝ የሰፋኋት አልኳት። እንግዲያው ቁጭ በልና አስተካክላት አለችኝ! እናቷ ከጎረቤት መርፌ አስመጣችልኝ። ስፈታና ስሰፋ ክንዴ ላይ ተደግፋ ታየኝ ነበር። ስጨርስ፣ ሌላ ጠማማ አለ ወይ አለችኝ። ዋለልኝ ሙት፣ አልነበረም። እኔ ግን አለ አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ ደህናውን እየፈታሁ እሰፋለሁ።»

ዋለልኝ መልእክቱን ሦስት ጊዜ ሰማው። ከዚያ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ፤ ከወትሮው ረዘም ያለ ጊዜ ታጠበ።

ይህ ነው የዋለልኝ ሥራ፤ ጭፍራ ሳያስከትል፣ ነጋሪት ሳያስጎስም፣ በአንዲት መርፌ ከሰናያ እስከ ደሴ የተሻገረ፣ አባትን ከልጁ ጋር የሰፋ። ክሩ አይጠር፣ ዓይኑ አይፍዘዝ፣ ለራሱም የሚለብሳትን ለመስፋት ዕድሜ ይስጠው። የቀጠናው ዘበኞች ሁሉ ስሙን በክብር ያንሡ፤ በየበሩ የሚያልፈውም ሰው፣ ቢቻለው፣ ቆም ብሎ ስሙን ይጠይቀው። አሜን።