ተዳፋቱን ያዛወረው ስብሰባ

ወጣቱ ባለሙያ እርሳሱን እየቀረጸ ነበር። አራት ዓመት ጂኦግራፊ ተምሮ ለተመረቀ ሰው፣ ቢሮ ተቀምጦ የሚቀርጸው እርሳስ ማግኘት ቀላል ጸጋ አይደለም። አብረውት ከተመረቁት አንዱ ጫማ ይሸጣል፤ ሌላው ታክሲ ይነዳል፤ እሱም ቢሆን መንገድ ማወቅ ነው። አጎቱ "ተራራ ቆጥረህ ስትጨርስ ማን ይቀጥርሃል?" እያለ ሲያበሽቀው ኖሯል። ቆጥሮ ሲጨርስ ግን ተቀጠረ፤ ለሦስት ወር ሙከራ። ዛሬ ካርታው ከጸደቀለት ቋሚ ይሆናል፤ ካልጸደቀ ወደ አጎቱ ሳሎን ይመለሳል።

ካርታው የክረምቱ ጎርፍ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ በየት በኩል እንደሚወርድና ቦዩ የት መቆፈር እንዳለበት ያሳያል። ዘጠኝ አባላት ያሉት የተከበረው ኮሚቴ ሁለት ሰዓት ሙሉ መረመረው። ቦዩ የኃላፊውን የመኪና ማቆሚያ መሐል ለመሐል እንደሚቆርጠው በተረዳ ጊዜም፣ ታላላቅ ሰዎች ብቻ የሚደፍሩትን ደፈረ፤ ቦዩን ትቶ ተዳፋቱን አዛወረ። ከዛሬ ጀምሮ መሬቱ ወደ መዝገብ ቤቱ እንዲያዘቀዝቅ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ኃላፊው የውሃውን አቅጣጫ የምታሳየዋን ቀስት ብቻ አዙሮ እንዲፈርም በአባትነት መከሩት።

"ጋሼ፣ መዝገብ ቤቱ እኮ በሦስት ሜትር ከፍ ይላል" አለ፣ ለራሱም በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

"ልጄ፣ ዘጠኝ ሰው እጁን አውጥቷል።"

"ውሃው ስብሰባው ላይ አልነበረም።"

"በግልባጭ ይደርሰዋል።"

አልፈረመም። ስለዚህ ጉዳዩ እስኪታይ መዝገብ ቤት ገብቶ አቧራ እንዲያራግፍ ተደረገ። ቦዩም በውሳኔው መሠረት ሽቅብ ተቆፈረ፤ ሪባን ተቆረጠለት፤ ኃላፊውም ተፈጥሮ እንኳ ለአሳታፊ አመራር እንደምትገዛ በሰፊው አብራሩ።

በሳምንቱ ዶፍ ወረደ። ያልተማረው ጎርፍ ቦዩን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። የመኪና ማቆሚያውን አቋርጦ፣ ሳያንኳኳ፣ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

ኮሚቴው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ መዝገብ ቤት ተሰበሰበ፤ ሌላ ደረቅ ክፍል አልነበረምና። ወጣቱ ወንበር አቀበላቸው። ኃላፊው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው እንደጠቀለሉ፣ ተዳፋቱ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዲመለስ አስወሰኑ፤ አሁንም በሙሉ ድምፅ።

ወጣቱ "እኔስ?" ሊል አፉን ሲከፍት ቀደሙት።

"አንተማ ቋሚ ነህ" አሉና ለጸሐፊዋ ምክንያቱን አስጻፏት፦ "ሠራተኛው ከኮሚቴው አዲስ ውሳኔ ጋር ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ተስማምቶ በመገኘቱ።"

ሲወጡ ወጣቱ ሁለቱን ቃለ ጉባኤዎች በአንድ ማኅደር አሰረ፤ ቁጥር ሰጣቸው፤ "ዝውውር" ከሚለው መደርደሪያ ላይም አስቀመጣቸው።