የአደጋ ጊዜ መውጫው ጓጉንቸር

እኛ አገር ሰው የሚፈራው መርዝን አይደለም፤ ሌባን ነው! «አይ እማማ፣ አጋነኑ» ትሉኝ ይሆናል… ያየሁትን ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

የልጅ ልጄ ሰብለ ከኢምፔሪያል ወረድ ብሎ ካለ የበረኪናና የሳሙና ፋብሪካ ትሠራለች። አንድ ቀን መነጽሯን ረስታ ወጣች። ይዤላት ተከተልኩ፤ መንገድ ላይ ካገኘሁት ሁሉ ጋር ሳወጋ ረፋዱ አልቆ ደረስኩ። እግሬ እንጂ አፌ መቼ ደክሞት ያውቃል!

ዘበኛው ቦርሳዬን በርብሮ ሲያበቃ «በጓሮ በኩል፣ በመስኮቱ ፍርግርግ ብረት መሃል ያቀብሏት» ብሎ ወሰደኝ። እዚያ አንድ ቀይ በር አለ፤ የአደጋ ጊዜ መውጫ ነው አለኝ። ላዩ ላይ የሕፃን ራስ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

«ምነው ልጄ፣ መውጫ ተቆልፎ?»

«በዚህ ሳሙና እየወጣ አስቸገረን እማማ። ኮሚቴው ስጋቱን ገምግሞ አስቆለፈው።»

እሰይ! ሌላው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል፤ እነሱ ሳይሰረቅ በቁልፍ! በመስኮቱ አጮልቄ ሳይ ደግሞ፣ ዋናው በር አጠገብ አንድ በርሜል ከበረኪናው ጎን ቆሞ ያንጠባጥባል። አሲድ ነው አሉ። ሽንቁሩን በፌስታል ወትፈውታል። እሱን ማን ይገመግመዋል? በርሜል ሳሙና አይሰርቅማ!

መነጽሩን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ፌስታሉ ተፈነቀለ… አሲዱ ተንዶቅዱቆ ሥሩ ከተደፋው በረኪና ጋር ሲገናኝ ቢጫ ጭስ ቦለል አለ። ዋናው በር በጭስ ተዋጠ። ሰብለ ከነጓደኞቿ እያሳለች ቀዩን በር ትደበድባለች።

«ክፈት እንጂ!» አልኩት ዘበኛውን።

«ቁልፉ የደኅንነት ኃላፊው ጋ ነው!»

«እሱስ?»

«አትላስ አካባቢ፣ ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ላይ።»

«የምን ሥልጠና?»

«የኬሚካል አደጋ መከላከል።»

ልሣቅ ወይስ ላልቅስ?

«በለው በድንጋይ!»

«እማማ፣ የድርጅቱ ንብረት ነው፤ ማን ይጠየቃል?»

«እኔ! አሮጊቷ አስገደደችኝ በል!»

ሰበረው። ልጆቹ እያሳሉ ተዘረገፉ። ሰብለ ዓይኗ በርበሬ መስሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ዘበኛው ሆዬ ላቡን ጠርጎ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ተሰለፉ! ፍተሻ አለ!»

ኮሚቴውም ሳይውል ሳያድር ተሰብስቦ አደጋውን ገመገመ። ውጤቱን ሰብለ ነገረችኝ፤ «ያልተፈቀደላት ሴትዮ ገብታ ንብረት አስሰብራለች።» ለበርሜሉ አዲስ ፌስታል፣ ለበሩ አዲስ ጓጉንቸር ተገኘ። እኔ በዚያ ደጅ ዝር እንዳልል ታገድኩ፤ ሰብለንም «አትሄጂም» ብዬ አስቀረኋት።

እናንተ በዚያ በኩል የምታልፉ፣ እንግዲህ አትስጉ። አደጋዋ አሮጊት ተለይታ ታውቃ፣ ቤቷ ቁጭ ብላለች!