የጥርስ ክርና የየኔታ ዜማ

ሰው ድዱን የሚያስታውሰው ሲደማ ብቻ ነው። ጥርስ ዕድለኛ ነው፤ ዘፋኙ ሁሉ ያወድሰዋል፣ ፎቶ ሲነሡም ቀድሞ ብቅ ይላል። ድድ ግን ያን ሁሉ ጥርስ ተሸክሞ ሲኖር ስሙን የሚያነሣለት የለም። ደግሞ እኮ በእኛ በጋይንት ለቁንጅና ብለው ድዳቸውን በመርፌ የተነቀሱ እናቶች ሞልተዋል። ለጌጥ ሲሆን መርፌውን እንችለዋለን፤ ለጤና ሲባል በቀን አንዴ ክር ማሳለፍ ግን ይከብደናል። ይህን ስል እኔ ከሌላው እሻላለሁ ማለቴ አይደለም። አርብ ገበያ ከተማ ሳይንስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የጥርስን ሥዕል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥያለሁ! የራሴን ጥርስ ግን በወይራ መፋቂያ ከፊት ከፊት እየጠረግሁ ጨዋ ነኝ ብዬ እኖር ነበር።

አንድ ጠዋት ተጉመጥምጬ የተፋሁት ውኃ ቀልቶ ታየኝ። ባለቤቴ አየችና ደብረ ታቦር ካልሄድክ አለችኝ። ሄድኩ። የጥርስ ሐኪሟ ተማሪዬ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። «ክር ይጠቀማሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልብስ ሰፊ አይደለሁም፣ መምህር ነኝ አልኳት። አልሳቀችም። መፋቂያውም ብሩሹም የጥርስን ፊትና ጀርባ እንጂ መካከሉን እንደማይደርሱበት፣ እዚያ የተወሸቀው ምግብ እያደር እንደ ድንጋይ እንደሚጠጥር፣ ድድም እሱን እየሸሸ ጥርሱን ብቻውን ጥሎት እንደሚሄድ አስረዳችኝ። ከዚያ የጠጠረውን ፍቃ አነሣችልኝና ሰም የተቀባ ቀጭን ክር በትንሽ ሣጥን ሰጠችኝ። «በየቀኑ» አለችኝ፤ ሦስት ጊዜ ደጋግማ።

ብዙም ሳይቆይ ደሙ ቆመ። አዲስ ነገር የተማረ ሰው መቼም ለአካባቢው አይመችም፤ እኔም ሰባኪ ሆንኩ። ባለቤቴ ቻለችኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ግን የሻይ ሰዓታቸውን ይቀይሩ ጀመር። እናም የማድነው ሰው ፍለጋ ዓይኔን ወደ አማቴ ጣልኩ።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም በተባለው ደብር ዜማ ያስተምራሉ። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የፊት ጥርሶቻቸው ከብዙ ዓመት ጀምሮ ይነቃነቁ ነበር፤ «ስ» ሲሉም ትንፋሻቸው በመካከላቸው ያፏጫል። ቆሎ ሲቀርብላቸው «ጠግቤያለሁ» ይላሉ፤ ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነክረው ይበላሉ። ለምን አይታከሙም ሲባሉ የእርጅና ነገር ነው ብለው ይዘጉታል። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ለሚስታቸው ግን በዚህ ጥርስ ዜማ አይሆንም፣ ለፋሲካ የማስተማሪያ ወንበሬን ለሌላ መምህር አስረክባለሁ ብለዋቸው ኖሯል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከማስተማር ሌላ የማያውቁ ሰው ወንበራቸውን ከለቀቁ ምን ሊሆኑ ነው?

በሚካኤል ዕለት እቤታቸው ዝክር ነበረና ሄድን። ካህናቱም ጎረቤቱም ሥጋውን በልቶ ስንጥር ፍለጋ እጁን ሲዘረጋ፣ ጊዜው ደረሰ ብዬ ብድግ አልኩ። አንድ ክንድ ያህል ክር መዝዤ፣ ስለ ድድ ጤና ጥቂት ቃል እንዳሰማ ይፈቀድልኝ አልኩ። ማን ይከለክለኛል? ተፈቀደልኝ። ከፊት ጥርሶቼ ጀምሬ እያሳየሁ ወደ ኋላ ሄድኩ። የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎቼ ጋ ስደርስ ክሩ ገባና ቀረ።

ሳብኩት፤ ባሰበት። የክሩ ሁለት ጫፍ በአፌ ግራና ቀኝ እንደ በቅሎ ልጓም ተንጠልጥሎ ቀረ። ከካህናቱ አንዱ ሽማግሌ ቄስ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው፣ በሉ እንግዲህ መምህራችን የምስጋና ቃል ይናገሩልን አሉ። ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ ግን እኔም አላወቅሁት። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ አማተቡ።

የኔታ ቀስ ብለው ተነሡ። ከአንገታቸው የማይለየውን የእሾህ መንቀያ ወረንጦ አወጡ፤ አገጬን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩኝና «ክፈት» አሉኝ። ከፈትኩ። ባንድ ጊዜ መንጭቀው አወጡት። ቤቱ በሳቅ አለቀ። እሳቸው ግን አገጬን አልለቀቁም፤ ወደ ውስጥ እያዩ ቆዩ።

«ድድህ መልኩ እንዲህ ነው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«አይደማም?»

«ይደማ ነበር፤ አሁን ተወኝ።»

ሌላው ሰው እየሳቀ ስለነበር አልሰማቸውም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእኔ ትራሴን ያቀላዋል። ለማንም አልተናገርኩም» አሉኝ። የእኔ ሳቅ ጠፋ። እኔ እንደ ግትር ሽማግሌ የቆጠርኳቸው ሰውዬ ለካስ ፈርተው ኖሯል። ነገ ደብረ ታቦር እንሂድ አልኳቸው። «ይነቅሉታል?» አሉ። ምናልባት አንዱን አልኩ። «አንዱን ከሆነ ይሁን» አሉ።

አንዱ መንጋጋ ተነቀለ። የጠጠረው በሁለት ቀጠሮ ተፍቆ ተነሣላቸው። ሐኪሟ የፊቶቹ ይተርፉ እንደሆን እንሞክር፣ ግን ክሩን በየቀኑ ካሳለፉ ነው አለቻቸው። እኔ ላይ ሦስት ጊዜ የደገመችውን ለየኔታ አንዴ ብቻ ተናገረች፤ በቃቸው። «እንደ ዘወትር ጸሎት ነዋ» አሉ። እኔ ሲደክመኝ የምዘለውን እሳቸው አንድ ቀን ዘልለውት አያውቁም። ከሠርክ ጸሎት በኋላ ትንሿን መስተዋት ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ መጽሐፍ እንደሚጠርዝ ሰው በዝግታ ያሳልፉታል። አርብ ገበያ ላይ የጥርስ ክር ስጠይቅ ባለሱቆቹ የስፌት ክር በየቀለሙ ስለሚደረድሩልኝ፣ ከደብረ ታቦር የማስመጣው እኔ ነኝ። ከወራት በኋላ ደሙ ቆመ፣ የፊት ጥርሶቻቸውም ረጉ። ፋሲካ መጥቶ ሄደ፤ የወንበሩን ነገር ያነሣ ሰው የለም። ቆሎ ሲቆረጥሙም ከጎረቤት ይሰማል።

ባለፈው ወር የቀድሞ ተማሪያቸው፣ አሁን ስማዳ ላይ ራሳቸው የሚያስተምሩ መሪጌታ፣ ሊጠይቋቸው መጡ። እኔም ነበርኩ። የድሮ ጊዜ ሲነሣ አብረው አንድ ዜማ አነሡ። እንግዳው «ቅዱስ» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ቀጭን፣ የምታምር ፉጨት ጨመሩ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። የእንግዳው ጥርስ ሙሉ ነው፤ አንድም ቀዳዳ የለበትም። የኔታ ዜማውን አቋርጠው ይህች ፉጨት ከየት መጣች ብለው ጠየቁ።

መሪጌታው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጎንበስ አሉ። «እርስዎ ያስተማሩን ናት እንጂ፣ የኔታ! ያኔ በእርስዎ ዘንድ ስንማር እሷን ለመያዝ ስንት ወር ፈጀብን» አሉ። ከዚያም በሐዘኔታ አይተው አጽናኗቸው፦ «አይጨነቁ፤ እርስዎ ቢዘነጓትም ስማዳ ላይ ተማሪዎቼ ሁሉ ይዘዋታል፤ አትጠፋም።»